ሲመቱ መልሶ መምታት ይፈቀዳል? የቤት ውስጥ ጥቃት፣ «አናደደችኝ» የሚለው ክርክርና የሕጋዊ መከላከል ወሰን

መግቢያ

በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን የፀረ-ፆታዊ ጥቃት የ16 ቀናት ንቅናቄ በመላው ዓለም ይካሄዳል። በኢትዮጵያም ቀናቱ በነጭ ሪቫን ታጅበው ይታሰባሉ፤ በመድረኮችም ስለ ጥቃት አስከፊነት በስፋት ይነገራል። ባለጉዳዮች ወደ አገልግሎት መስጫ ቢሮዎች ይዘዋቸው የሚመጡት ጥያቄዎች ግን ከመፈክሮቹ ይልቅ ቀጥተኛ ናቸው። «ሲመታኝ መልሼ ብመታው እታሰራለሁ ወይ?» ብላ የምትጠይቅ ሚስት አለች። «ተናግራ አናገረችኝ እንጂ ወድጄ አልመታኋትም» ብሎ የሚከራከር ባልም አለ።

ሁለቱ ጥያቄዎች የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ሁለቱም የሚጠይቁት በትዳር ውስጥ እጅን ማንሳት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ መኖር አለመኖሩን ነው። የሕጉ መልስ በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው። ሊያርፍ የተቃረበን ምት ለማስቆም የግድ የሆነና ተመጣጣኝ ኃይል መጠቀም አያስቀጣም። ያለፈን ምት ለመበቀል እጅ ማንሳት ግን ያስቀጣል። ንግግር ወይም ስድብ ደግሞ የመጀመሪያውን ምት በፍጹም ሕጋዊ አያደርገውም። ከዚህ አጭር መልስ ጀርባ ያለው ዝርዝር ግን ባለጉዳዩንም አገልግሎት ሰጪውንም የሚመለከት በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ከኩታበር ሲታይ

ኩታበር ከደሴ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የደቡብ ወሎ ወረዳ ነው። እንደ ሌሎቹ የዞኑ ወረዳዎች ሁሉ፣ በገጠር ቀበሌ የምትኖርና በባሏ የተደበደበች ሴት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የምትደርሰው ከጎረቤት፣ ከዘመድ ወይም በሌላው አካባቢ እድር በሚባለውና በወሎ ቅሬ በሚባለው ማኅበር ካሉ ሰዎች ዘንድ ነው። ቀጥሎ ሽማግሌ ይቀመጣል። ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ያሉት ወረዳው ከተማ ላይ ነው። ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ወደ ደሴ መሄድ ይኖርባታል፤ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ሆነ ከፍ ያለ ሕክምና የሚሰጠው ሆስፒታል የሚገኙት እዚያ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በኩታበር፣ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ያለፈው ጦርነት የጤና ተቋማትንና መሥሪያ ቤቶችን መጉዳቱም ይህን መንገድ ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎት ቆይቷል።

ይህ የመንገድ ርዝመት ከሕጉ ጋር ምን ያገናኘዋል? በቀጥታ ይገናኛል። ሕጋዊ መከላከል ተቀባይነት ከሚያገኝባቸው መመዘኛዎች አንዱ «አደጋውን በሌላ መንገድ ማስቀረት ይቻል ነበር ወይ?» የሚል በመሆኑ፣ ያ ሌላ መንገድ ክፍት መሆን አለመሆኑ የሰውን ነፃነት የሚወስን ጥያቄ ይሆናል።

«አናደደችኝ» በሕግ ፊት

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ-ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶችና ወንዶች አንድ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ወይ? የቀረቡት ምክንያቶች አምስት ነበሩ። እነዚህም ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፣ ልጆችን ችላ ብትል እና የግብረ ሥጋ ግንኙነት ብትከለክለው የሚሉ ናቸው። ከሴቶች 63 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት መምታት ተገቢ ነው ብለው መልሰዋል።

ከቁጥሩ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ ድብደባውን ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ድርሻ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ይህም ተጎጂዋ ራሷ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ወደ ኋላ የምትልበትን ምክንያት ያስረዳል። በዚሁ ጥናት መሠረት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው፣ ከአምስቱ ምክንያቶች አንዱም መምታትን ሕጋዊ አለማድረጉ ነው። ምግብ ማሳረርም ሆነ ከባል ጋር መከራከር በየትኛውም የኢትዮጵያ ሕግ አያስቀጣም። መምታት ግን ያስቀጣል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንደሚያስቀጣ በግልጽ ደንግጓል። ድንጋጌው የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤና ጉዳትንም ይጨምራል፤ ባልንም ሚስትንም በእኩል ያያል። ሚስቱ የምትደበድበው ባልም በዚሁ አንቀጽ ይጠበቃል፤ ለማመልከት የሚያሳፍረው ነገር ሊኖር አይገባም።

ታዲያ ማነሳሳት ወይም ማስቆጣት በሕጉ ምንም ቦታ የለውም ማለት ነው? ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው የጠበበ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከባድ የማነሳሳት ድርጊት ወይም ያለ አግባብ የተሰነዘረ ስድብ ባስከተለው ቁጣ ተገፋፍቶ ወንጀል የፈጸመ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል ይገልጻል። አንቀጽ 541 ደግሞ ከባድ ማነሳሳትን ተከትሎ፣ በድንገተኛ ሁኔታ ወይም ሊረዱት በሚቻል ብርቱ የስሜት መናወጥ ውስጥ ሆኖ ሰው የገደለ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በተራ የሰው ግድያ ላይ የተጣለው ቅጣት ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ መቅረቱ ነው። ማነሳሳት ቅጣትን ሊያቀል ይችል ይሆናል እንጂ ጥፋትን አያጠፋም። ማነሳሳቱም «ከባድ» መሆን አለበት፤ ዘግይቶ የቀረበ እራት ወይም በገበያ መዘግየት ከባድ ማነሳሳት ሊባል አይችልም። ስድብ የደረሰበት ሰውም ሕጉ የከፈተለት መንገድ አለ፤ ስድብ ራሱ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል በመሆኑ መልሱ አቤቱታ እንጂ ዱላ አይደለም።

ሕጋዊ መከላከል፦ አራቱ መመዘኛዎች

ከማነሳሳት በተለየ፣ ሕጋዊ መከላከል ድርጊቱን ፈጽሞ ከቅጣት ነፃ ያደርገዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 የሚጠይቃቸው ነገሮች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

1. ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነ መሆን አለበት። ባል ሚስቱን የመቅጣት ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ስለሌለ፣ ድብደባው ሁልጊዜም ከሕግ ውጭ ነው።
2. ጥቃቱ በመፈጸም ላይ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት። ትናንት የተፈጸመ ወይም ምናልባት ነገ ሊፈጸም ይችላል ተብሎ የሚገመት ጥቃት በዚህ አይካተትም።
3. ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት።
4. የተወሰደው እርምጃ ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

ለምሳሌ ያህል፣ በሽመል እየደበደበ ወደ ጓዳ ጥግ የገፋትን ባል በአቅራቢያዋ ባገኘችው ዘነዘና ክንዱን መትታ ያስጣለች ሴት አራቱንም መመዘኛዎች ታሟላለች። ልጆቿን ወይም እናቷን ለማዳን ያደረገችው ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው፤ ሕጉ ሌላን ሰው መከላከልንም ይፈቅዳልና። ነገር ግን ባልየው ሽመሉን ጥሎ ወደ ውጭ ሲወጣ ከኋላው ተከትላ ጭንቅላቱን ብትመታው፣ ጥቃቱ አብቅቶ ስለነበር ሁለተኛው ምት መከላከል መሆኑ ቀርቶ በቀል ይሆናል። ዘነዘናው ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው ጊዜው ነው።

በጥፊ ለመታ ሰው በመጥረቢያ ምላሽ መስጠትስ? እዚህ ላይ የሚጎድለው ተመጣጣኝነት ነው። ሕጉ ግን በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ምቱን በሚዛን ለክቶ ይሰነዝራል ብሎ አይጠብቅም። በአንቀጽ 79 መሠረት ከሕጋዊ መከላከል ወሰን ያለፈ ሰው ቅጣቱ በሰፊው ይቀልለታል። ወሰኑን ያለፈው ጥቃቱ ባስከተለበት ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መረበሽ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ምንም ቅጣት ላይጥልበት ይችላል።

ከአርሲ የመጣው ትምህርት

በኢትዮጵያ የሕጋዊ መከላከል ክርክር በሕዝብ ዘንድ ጎልቶ የወጣው በትዳር ውስጥ በተፈጸመ ድርጊት ሳይሆን፣ በኃይል ትዳር ለመመሥረት በተደረገ ጠለፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የ14 ዓመቷ ተማሪ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ በሞከረችበት ጊዜ በራሱ በጠላፊዋ መሣሪያ ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ተከራከረላት፤ ፍርድ ቤቱም ድርጊቱ ሕጋዊ መከላከል ነው በማለት በነፃ አሰናበታት። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከዓመታት በኋላ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ታሪኩም እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ በበቃው «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም ለዓለም ደርሷል።

በወቅቱ ጠለፋ በብዙ አካባቢ እንደ ጋብቻ መንገድ ይታይ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ መንገድ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም።

ከዚህ ጉዳይ የሚገኘው ትምህርት ግድያ መፍትሔ ነው የሚል አይደለም። ልጅቷ መመዘኛዎቹን አሟልታ የተገኘችው ጥቃቱ ገና ያላበቃ፣ እሷም ለማምለጥ እየሸሸች የነበረች በመሆኗ ነው። እንዲህም ሆኖ ነፃነቷን ያገኘችው ከእስርና ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ሕጉ ከጎኑ የሆነ ሰው እንኳ የሚከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ለዓመታት የተጠራቀመ ጥቃት

አስቸጋሪው ጉዳይ ሌላ ነው። ለዓመታት የተደበደበች፣ ለሽማግሌ ደጋግማ የተናገረችና ደጋግማ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት፣ አንድ ሌሊት ባሏ ተኝቶ ሳለ ብትገድለው ሕጉ እንዴት ያያታል? በዚያ ቅጽበት እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ ጥቃት ስለሌለ በአንቀጽ 78 ነፃ መውጣት እጅግ ያስቸግራታል። በአንቀጽ 541 ለመጠቀም ደግሞ ድርጊቷ በከባድ ማነሳሳት የተቀሰቀሰ ብርቱ የስሜት መናወጥ ውጤት መሆኑን ማሳየት ይጠበቅባታል። ስሜቱ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ መሆኑ ክርክሩን ያከብድባታል። የሚቀራት በአንቀጽ 82 ከባድ ሥጋትና ጭንቀት ቅጣቱን እንዲያቀልላት መጠየቅ ነው። በአንጻሩ በቅጽበት ቁጣ የሚመታና የሚገድል ሰው ማነሳሳትን ለመከራከሪያነት ማቅረብ ይቀልለዋል። ጉልበተኛው በቅጽበት ይቆጣል፤ ደካማው ግን አጥቂው የሚደክምበትን ሰዓት ይጠብቃል። በቅጽበት ላይ የተመሠረተ መመዘኛ ሁለቱን በአንድ ዓይን ለማየት ይቸገራል።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ላቫሌ በተባለችው ሴት ጉዳይ፣ ለረጅም ጊዜ የተደበደበች ሴት አደጋው መቃረቡን የምትረዳበት መንገድ ከሌላው ሰው የተለየ ሊሆን እንደሚችልና ይህንንም ባለሙያ በምስክርነት ሊያስረዳ እንደሚችል ተቀብሏል። በእንግሊዝ ለዓመታት ያሠቃያትን ባሏን እ.ኤ.አ. በ1989 የገደለችው ኪራንጂት አህሉዋሊያ በመጀመሪያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አደረገ፤ በዚያው ዓመትም ተፈታች። አገሪቱ በኋላ ባወጣችው ሕግ የቀድሞውን የማነሳሳት መከራከሪያ ስትሽር፣ ራስን የመቆጣጠር አቅም ማጣቱ የግድ ድንገተኛ መሆን አለበት የሚለውንም መመዘኛ አንስታለች።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚዳኘው በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ ለተጎጂዋ ዋስትና የሚሆናት ክርክሩን ነፍስ ከጠፋ በኋላ ማሸነፍ ሳይሆን፣ ከዚያ ሌሊት በፊት የሚከፈትላት በር ነው።

ሽምግልናና የተዘጋው በር

በወሎ ሽማግሌዎችና አባጋሮች ደም በማድረቅ፣ ቂም በማውረድና ቤተሰብን በማስታረቅ ያላቸው ሚና ከፍተኛ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህልና በሃይማኖት ሕጎች ሊዳኙ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ፈቃድ ማለት ግን የሁለቱም ወገን ፈቃድ ነው፤ የሚፈቀደውም የቤተሰብ ክርክርን እንጂ የአካል ጉዳት ወንጀልን መዳኘት አይደለም። በዚሁ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 በሴቶች ላይ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት የሚያደርሱ ልማዶች የተከለከሉ መሆናቸውም ተደንግጓል።

ስለሆነም የተደበደበችን ሴት አቤቱታዋን ሳይመዘግቡ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ታርቃችሁ ኑሩ» ብሎ መመለስ ሽምግልና አይደለም። እንዲህ ባለ ምላሽ ሦስት ነገሮች ይጠፋሉ። ተጎጂዋ ያለ ጥበቃ ትቀራለች፤ አጥቂው የሚጠይቀው እንደሌለ ይማራል፤ ነገ ተጎጂዋ ራሷን ስትከላከል «ሌላ መንገድ ሞክሬ ነበር» ብላ የምታሳየው ማስረጃም አይኖርም። በር የዘጋ አገልግሎት ሰጪ ሰውን ወደ ዘነዘናና ወደ መጥረቢያ ከሚገፉት ምክንያቶች አንዱ ይሆናል።

ጥቃት የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ?

• በመጀመሪያ ሕይወትን ማትረፍ ይቀድማል። ከቤት መውጣት፣ መጮህና ጎረቤት መጥራት ተገቢ ነው። ኡኡታውን ሰምቶ የደረሰ ጎረቤት ሕይወት አዳኝም ምስክርም ነው።

• ቁስሉ ወይም እብጠቱ ሳይጠፋ በጤና ተቋም መታየትና የሕክምና ማስረጃ ማግኘት ያስፈልጋል። የተቀደደ ልብስን ወይም የተሰበረ ዕቃን ማስቀመጥም ይጠቅማል።

• ለፖሊስ ማመልከትና አቤቱታው መመዝገቡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ በሚሆንበት ጊዜ አቤቱታው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በእርቅ ተስፋ ወራት የሚያሳልፉ ብዙዎች መብታቸውን የሚያጡት በዚህ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ወይም በመሣሪያ የተፈጸመ ከሆነ ግን የተበዳይ አቤቱታ ባይኖርም ዐቃቤ ሕግ ክስ ሊያቀርብ ይችላል፤ የሽማግሌ እርቅም ክሱን አያስቀርም።

• የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ምክርና ድጋፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላቸው ሰዎች የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።

• ትዳሩን ለማፍረስ የወሰነ ሰው ጥያቄውን ለፍርድ ቤት ያቀርባል። በአማራ ክልል ተፈጻሚ የሚሆነው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። «ከቤት ከወጣሁ መሬቴን አጣለሁ» የሚለው ሥጋት ብዙ ሴቶችን ያስራል፤ ሆኖም በክልሉ የተጋቢዎች የጋራ መሬት የይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም የሚሰጥ ነው። ከድብደባ መሸሽ ከይዞታ መብት መሸሽ አይደለም።

• ራሱን ሲከላከል በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ከመሰወር ይልቅ ለፖሊስ ማሳወቅ፣ የራሱንም ጉዳት በሐኪም ማስመርመርና ቀደም ሲል ያቀረባቸውን አቤቱታዎች ማስታወስ ይጠቅመዋል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ በዚህ አይታሰብም።

ማጠቃለያ

መልሶ መምታት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እሱም ምቱ ሌላ ምትን የሚያስቆምበት፣ ሌላ መውጫ የሌለበትና ከአደጋው ያልበለጠ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ከዚህ ወሰን ውጭ ያለው ምት፣ ባልም ይሰንዝረው ሚስት፣ ምክንያቱ ንዴትም ይሁን በቀል፣ በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉ ተጎጂውን «ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ፍትሐዊ የሚሆነው በኩታበር ገጠር ቀበሌም ሆነ በደሴ ከተማ ያ ሌላ መንገድ በእርግጥ ሲኖር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ አቤቱታ በቀረበችበት ቀን፣ የመጀመሪያው ኡኡታ በተሰማበት ሌሊት የሚሰጠው ምላሽ የሁለት ሰዎችን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል፤ የተደብዳቢዋንም፣ የደብዳቢውንም።